አንድ ውጤት፣ ሦስት ሰሚ

በዚያን ቀን ሊፍቱ ባይበላሽ ኖሮ ሁለቱን ባላገኘኋቸው ነበር። የድንገተኛ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነኝ። አቤቱታዬን ይዤ ደረጃውን ስወጣ፣ የሆስፒታሉን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የጻፉት አንጋፋ ባለሙያ፣ በቅርቡ ከተቀጠረችው ወጣት መሐንዲስ ጋር መሀል ደረጃ ላይ ቆመው ይከራከራሉ።

"ሲስተር፣ እንኳን መጣሽ" አሉኝ። "ይህች ልጅ የሠራሁትን ቤት አፍርሺ ተብላ የተላከች ይመስለኛል። የሚሠራ ነገር ለምን ይነካል?"

"የሚሠራ ከሆነ ዛሬ ጠዋት የት ሄዶ ነበር?" አልኳቸው፤ ቁጣዬን መዋጥ አልቻልኩም። የአንዲት እናት የደም ፖታሲየም አደገኛ ደረጃ መድረሱን የሚናገረው ውጤት ከላብራቶሪ ወጥቶ ሳለ፣ እኛ ስክሪን ላይ ሳይታይ አርባ ደቂቃ ቆየ። የደረሰልን የላብራቶሪው ባልደረባ እየሮጠ መጥቶ ነው። ሴትዮዋ ተርፋለች።

ሰውየው ደረጃውን ቀድመውን ወጡ። ወደ ቢሯቸው ገባን። ወንበር ቢሰጡኝም መቀመጥ አላስቻለኝም።

ልጅቷ ኮዱን ከፍታ፣ ክላስ ከሚሏቸው የፕሮግራሙ ክፍሎች አንዱን አሳየች። "ጋሼ፣ ይመልከቱት። ውጤት ሲወጣ ይኼ ክላስ መጀመሪያ ፕሪንተሩን ያዛል፣ ቀጥሎ የሐኪሙን ስልክ፣ ከዚያ የሲስተርን ስክሪን። ጠዋት ፕሪንተሩ ወረቀት ጨረሰ፤ ፕሮግራሙም እዚያው ተገትሮ ቀረ።"

"አንድ መስመር እጨምርበታለሁ፤ አለቀ።"

"ነገ ፋርማሲው እኔም ልስማ ሲል ደግሞ ሌላ መስመር? ውጤት የሚያወጣው ክላስ የሰሚዎቹን ጓዳ ሁሉ ለምን ይወቅ?"

እግራቸው ከጠረጴዛው ሥር አላርፍ ብሏል። "እሺ፣ እናንተ ዲዛይን ፓተርን የምትሉትን የተለመደ የመፍትሔ ንድፍ እኔም አላጣሁትም። ቅብብሎሹን እንጠቀም፤ አንዱ ለሌላው እያቀበለ ይሂድ።"

"ቅብብሎሽ የሚያምረው ከብዙዎች አንዱ ብቻ ጉዳዩን ሲጨርስ ነው፣ ጋሼ። ውጤቱን ግን ሁሉም ይፈልጉታል። መሀል ላይ አንዱ ካላቀበለ የጠዋቱ ተደገመ ማለት ነው። እኔ የምመርጠው ኦብዘርቨርን ነው። መስማት የሚፈልግ ይመዘገባል፤ ክላሱ 'ውጤት ወጥቷል' ብሎ ለተመዘገበው ሁሉ ይናገራል።"

"የሚናገረው እኮ በተራ ነው!" አሉ ቀና ብለው። "የመጀመሪያው ሰሚ ሲወድቅ ሌላውን ይዞ አይወድቅም?"

ልጅቷ ኮዱን መልሳ አየችው። "ይወድቃል" አለች። "አላሰብኩትም ነበር። ለእያንዳንዱ ሰሚ የሚደረገውን ጥሪ ለየብቻ እንከልለው፤ የወደቀው ይታወቅ፣ የቀሩት ይቀጥሉ።"

የፓተርኖቹን ስም ሁለቱም ያውቁ ነበር። ያደከማቸው የትኛው ለየትኛው ችግር እንደሚሆን መለየቱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የእሷ ትምህርትም የእሳቸው ጥርጣሬም አስፈልጓል።

ሰውየው ወንበራቸውን ለልጅቷ ለቀቁላት። "ማንም እንዳይነካው ስጠብቀው ኖርኩ" አሉ ዝግ ብለው። "ለካ እኔም መንካት ፈርቼው ነው። በይ ልጄ፣ ጀምሪ።"

በሦስተኛው ሳምንት ፋርማሲው ተጨመረ። ውጤት አውጪውን ክላስ የነካው የለም፤ አዲሱን ሰሚ ሰውየው ራሳቸው ጽፈው በግማሽ ቀን ጨረሱት። ለሁላችንም ውጤት ፍለጋ ደረጃ መውጣትና መውረድ ቀርቶልናል። ባለፈው ማክሰኞ እንዲያውም የአንድ አዛውንት አደገኛ ውጤት ስክሪኑ ላይ እንደበራ መድኃኒቱን ይዘን አልጋቸው አጠገብ ስንደርስ፣ ሕመሙ ገና ስላልተሰማቸው ጋዜጣቸውን ዝቅ አድርገው ተቆጡን፦ "ምን ያጣድፋችኋል? እኔ እኮ ደህና ነኝ!"