የሚስተር ዴልን ሰባት ዓሦች ወደ ሐይቅ ስለመልቀቅ የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ከበቡሽ ጳውሎስ
ዕድሜ፦ 68
አድራሻ፦ ሮውሌት፣ ቴክሳስ፤ ከልጇ ከአቶ ታዲዮስ ጋር
ቀን፦ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ቃሉን የተቀበለው፦ ኦፊሰር ሪቬራ
ያስተረጎመችውና በአማርኛ የጻፈችው፦ እታለማሁ ሙሉጌታ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር፣ ስለ ዓሦቹ የማውቀውን እንድናገር በተጠየቅሁት መሠረት የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። አስቀድሞ እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው ግን፣ ጥፋቱ የቱ ላይ እንደሆነ እስካሁን በደንብ ያልገባኝ መሆኑን ነው።

ሚስተር ዴል የሚባሉት ሽማግሌ አጥር የሚያገናኘን ጎረቤታችን ነበሩ። በጓሯቸው ገንዳ ውስጥ ኮይ የሚባሉ ሰባት ዓሦች ያሳድጉ ነበር። ኮይ ለመብል ሳይሆን ለዓይን ተብሎ የሚያዝ፣ ቀይና ነጭ ቀለም ያለው፣ ክንድ የሚያህል ዓሣ ነው። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሚስተር ዴል ቤታቸውን ሸጠው፣ ሴት ልጃቸው ወደምትኖርበት በስተሰሜን ወዳለ ሌላ ስቴት ሄዱ። ሲሄዱም ዓሦቹን መውሰድ እንደማይችሉ፣ እስከ ገና ድረስ ብንይዝላቸው የእህታቸው ልጅ መጥቶ እንደሚረከበን በልጄ አስተርጓሚነት ነገሩኝ። እኔ በዕድሜዬ ዓሣ አሳድጌ አላውቅም። ነገር ግን ሽማግሌው እጄን ይዘው ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም፤ አደራቸውን ተቀበልሁ። ዓሦቹም ከነውሃ ማጣሪያ ሞተራቸውና ከነምግባቸው በእኛ ጓሮ በትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ተቀመጡ።

ሐሙስ ኦክቶበር 9 ቀን ልጄ ታዲዮስ ሜስኪት ከሚገኘው ሥራው እንደተመለሰ፣ የዓሦቹ ምግብ ካለበት ካርቶን ውስጥ አንድ የመንግሥት ደብዳቤ አገኘ። ደብዳቤው ያለ ልዩ ፈቃድ ኮይ ማሳደግ ክልክል ነው ይላል። ልጄ ፊቱ አመድ መሰለ። የዜግነት ኢንተርቪው የተቀጠረለት ኖቬምበር 6 ቀን ነው፤ ለዚህ ቀን አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል። «እማዬ፣ ይሄ እኮ ኢሊጋል ነው። ሳትያዝ የሠራኸው ወንጀል አለ ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ማለቴ፣ ጓሮዬ ሰባት አሉ ልበላቸው?» አለኝ። ለሚስተር ዴል ኮል አድርግ አልሁት፤ ቢደውል ቢደውል አያነሱም። ጋርቤጅ ውስጥ እንጨምራቸው ሲል ተቆጣሁ። በአደራ የተሰጠኝን ነፍስ ቆሻሻ ላይ አልጥልም፣ ወጥም አልሠራበትም፣ ከውሃ የመጣ ወደ ውሃ ይመለስ ብዬ ያዘዝሁት እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ኦክቶበር 11 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ በዚህ አገር አቆጣጠር ስምንት ሰዓት ላይ፣ ዓሦቹን ኩለር በሚባል ሁለት የበረዶ ሣጥን አድርገን ጀልባ ከሚወርድበት የሐይቁ ዳርቻ ደረስን። ሁለቱንም ኩለር እኔ ብቻዬን ወደ ውሃው ወስጄ ደፋሁ፤ ልጄ ከመኪናው አልወረደም። አንድ ዓሣ የሚያጠምድ ፈረንጅ ተነሥቶ እየጮኸ በስልኩ ፎቶ ያነሣን ጀመር። እኔ በዓሦቹ መልክ የተደነቀ መስሎኝ በእጄ ሰላምታ ሰጠሁት። ለካስ የታርጋችንን ቁጥር እየወሰደ ኖሯል።

ዛሬ በምርመራው ላይ ኦፊሰሩ እንዳስረዱኝ፣ ደብዳቤው ሚስተር ዴል ከሄዱበት ስቴት ለእሳቸው የተጻፈ እንጂ የቴክሳስ አይደለም። በዚህ ስቴት ኮይን በቤት ማሳደግ ወንጀል አይደለም። ክልክሉ የሐይቁን ዓሦች ስለሚጎዱ ወደ ሕዝብ ውሃ መልቀቅ ነው። ይህንን ሦስት ጊዜ አስደግሜአለሁ። ብናስቀምጣቸው ጥፋት የለብንም። ጠብሼ ብበላቸውም ፖሊስ አይጠይቀኝም ነበር ወይ ብዬ ጠይቄ፣ አይጠይቅሽም ተብያለሁ። በሕይወት ስለለቀቅናቸው ግን አጥፍተናል። ሕግ ፈርተን ያደረግነው ነው ሕግ የጣሰው። ግራ ገብቶኛል፤ ለሚስተር ዴል የምመልሰውንም አላውቅም፤ አፍሬአለሁ።

ቀጥሎም ኦፊሰሩ፣ ልጄ በሌላው ክፍል ሲጠየቅ «እናቴ ቤት ተኝታ ነበር፤ የሄድሁት ብቻዬን ነው» ማለቱን ነገሩኝ። ከዚያም የሰውየውን ፎቶ አሳዩኝ። በፎቶው ላይ እኔና ታዲዮስ አንዱን ኩለር ግራና ቀኝ ይዘን ውሃው ጠርዝ ላይ ቆመናል። ለዓሦቹ የሚጠየቀው የገንዘብ ቅጣት ብቻ እንደሆነ፣ ሐሰት ተናግሮ መፈረም ግን ራሱን የቻለ ክስ እንደሆነና ልጄን በዜግነቱ ጉዳይ ከዓሦቹ ይልቅ ሐሰቱ ሊጎዳው እንደሚችል ገለጹልኝ።

ስለዚህ ከላይ ብቻዬን ደፋሁ፣ ልጄ ከመኪና አልወረደም ያልሁት ሐሰት በመሆኑ እንዲሰረዝልኝ አመለክታለሁ። በዳርቻው ድንጋይ ላይ ደግፎ ያወረደኝ ታዲዮስ ነው፤ ሁለቱንም ኩለር አብረን ደፍተናል። የዋሸሁት እሱን ለማዳን ነው። እሱም የዋሸው እኔን ለማዳን እንደሆነ እናቱ ስለሆንሁ አውቃለሁ። የቀረው ቃሌ በሙሉ እውነት ነው፤ በአማርኛ ተነብቦልኝ ያለማንም አስገዳጅነት እፈርማለሁ። ልጄ የራሱን ቃል ፈርሞ እንደሆነ ጠይቄ፣ ገና እያነበበ ነው ተብያለሁ። እንግዲያው እባካችሁ ብዕሩን ከእጁ ተቀበሉትና መጀመሪያ የእኔን አንብቡለት።

የምስክር ፊርማ፦ ከበቡሽ ጳውሎስ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ እታለማሁ ሙሉጌታ
ቃሉን የተቀበለው ፊርማ፦ ኦፊሰር ሪቬራ

ማስታወሻ፦ ይህ ቃል ከቀኑ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ለአቶ ታዲዮስ ተነብቦለታል። አቶ ታዲዮስ ያልፈረመበትን ቃል መልሶ አዲስ ወረቀት ጠይቋል። እ.ሙ.