ቅናት የመረጠው መኪና

በሁለት ሺህ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር ወር፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወደ ቤቴ ስመለስ ጎረቤቴን አቶ ደምመላሽን ጅማ መግቢያ ላይ ባለ የመኪና መሸጫ ግቢ በር አገኘኋቸው። ከእኅታቸው ልጅ ከሔራን ጋር ይከራከራሉ። ሰላምታ ሰጥቼ ላልፍ ስል ክንዴን ያዙና «መምህር፣ እስቲ እርስዎ ይፍረዱን» አሉኝ።

አቶ ደምመላሽ ከሸዋ በመንግሥት ሥራ መጥተው፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ እዚሁ ጅማ አወቱ መንደራ ሰፈር የቀሩ ቁም ነገረኛ ሰው ናቸው። ሆኖም አጥር የሚጋሯቸው የሊሙ ገነት ቡና ነጋዴ ኦቦ ደሬሳ ነጭ የቤት መኪና ከገዙ ወዲህ ሰላም አጥተዋል። የዚያ መኪና ጡሩንባ ሲሰማ ምግቡ አልዋጥ ይላቸዋል። ስለዚህ ቁመቱ ከአጥር በላይ የሚታይ፣ ግዙፍ አሮጌ የናፍጣ መኪና መርጠው ሊዋዋሉ ነበር።

ሔራን በከተማው ኮሌጅ የአውቶ መካኒክ መምህርት ናት። ሞተሩን አስነሥታ ጥቁሩን ጭስ ካየች በኋላ፣ መኪናው የትኛውን የጭስ ልቀት ደረጃ እንደሚያሟላ ሳይጣራ አይገዛም ብላለች።

«የማያጨስ መኪና የት አለና ነው ልጄ?» አሏት።

«ሁሉም ያጨሳል ጋሼ፤ መጠኑ ግን ይለያያል» አለች። «አውሮፓውያን ዩሮ አንድ፣ ዩሮ ሁለት እያሉ ደረጃ አውጥተውለታል። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር መርዙ ይቀንሳል። ይህ መኪና ግን ደረጃው ከመውጣቱ በፊት የተሠራ ነው። እትዬ የኔነሽ በአስም እየተሠቃዩ፣ በየማለዳው ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ሊያስነሡት ነው?»

ወይዘሮ የኔነሽ ባለቤታቸው ናቸው። ሕመሙ ሲነሣባቸው ትንፋሻቸው ሲያፏጭ እኔም ሰምቻለሁ። አቶ ደምመላሽ አንገታቸውን ደፉ። ቅናት ግን ቶሎ አይለቅምና፣ «የደሬሳስ ስንተኛ ደረጃ ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሔራን ሳታይ እንደማትናገር ገለጸችላቸው። አንዳንዱ መኪና ከሞተሩ ክዳን ከቦኔቱ ሥር ደረጃው ተጽፎ ተለጥፎበታል፤ ከሌለው ከመጣበት አገር ሰነድ ላይ ይታያል፤ ያም ከጠፋ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ የአምራቹን ወኪል መጠየቅ ነው። የተሠራበት ዓመት ፍንጭ ቢሰጥም ማረጋገጫ አይሆንም።

አቶ ደምመላሽ መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ያልረገጡትን የጎረቤታቸውን ደጅ ያን ዕለት ሔራንንና እኔን አስከትለው አንኳኩ። ቅናት የመኪና ቁመት ሲለካ ይውላል እንጂ ውስጡን መጠየቅ አያውቅም። ኦቦ ደሬሳ በደስታ ተቀብለውን ቦኔቱን ከፈቱ። ሔራን አቧራውን ጠርጋ አነበበችው፤ ዩሮ አራት ይላል። የአቶ ደምመላሽ ፊት ጠቆረ።

«ኤዬ፣ እኔ እንኳ ይህን ጽሑፍ ገና ዛሬ ማየቴ ነው» አሉ ኦቦ ደሬሳ። «ቀለሙን ወድጄ ነው የገዛሁት። ይህቺ ልጅ መጽሐፏን ይዛ ወደ ቤትዎ ስትገባ ባየሁ ቁጥር ግን በእርስዎ ስቀና ኖሬአለሁ። ከእኔ ልጆች አንዱም አልተማረልኝም።»

ስንወጣ አቶ ደምመላሽ ሔራንን ትከሻዋን ይዘው «ለካ መኪና ስመርጥ የነበረው ለደሬሳ ዓይን ነው። የኔነሽን ረስቻት ነበር» አሏት።

ግዙፉን መኪና ተዉት። ከጊዜ በኋላ አንዲት አነስተኛ የቤንዚን መኪና ተገኘች። የቦኔቷ ጽሑፍ ተልጦ ስለ ነበር፣ አቶ ደምመላሽ ራሳቸው የሻንሲ ቁጥሩን ለወኪሉ ልከው ዩሮ አራት መሆኗን ሳያረጋግጡ አልተዋዋሉም። ነዳጅ አታበዛም፤ ደጃፋቸው ጥላሸት የለበትም። ወይዘሮ የኔነሽ መድኃኒታቸውን ባይተዉም፣ ደዶ ወረዳ ያለችውን እኅታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ መስኮት ከፍተው ይጓዛሉ።

ቅናቱ ፈጽሞ ጠፋ ብዬ አንባቢዬን አላታልልም። ኦቦ ደሬሳ ሞተራቸውን ባስመረመሩ ሳምንት አቶ ደምመላሽም ማስመርመራቸው አይቀርም። እንዲህ ያለው ቅናት ግን ማንንም አያቃጥልም፤ መንደሩን ንጹሕ አየር ያስተነፍሰዋል።