የስንሻው ፊት

(አዲስ አበባ፣ አንድ የቆዳ ሕክምና ክሊኒክ፣ ረፋድ ላይ። ዳቦ ጋጋሪው ስንሻውና ከሁለት ወር በፊት ልጃቸውን ይዛ አባቷ ቤት የገባችው ሚስቱ ማንጠግቦሽ ከሕክምና ክፍሉ በር ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።)

ማንጠግቦሽ፦ አልገባም አልኩህ እኮ! እዚህ ድረስ መምጣቴም በዝቷል።

ስንሻው፦ አምስት ደቂቃ ነው። ሐኪሟ በራሷ አፍ ትንገርሽ። የእኔን አፍማ መቼ አመንሽው?

ማንጠግቦሽ፦ ምን ልትለኝ?

ስንሻው፦ ባልሽ ሰካራም አይደለም ትልሻለች። ሕመሙ ስም አለው፤ ሮዛሺያ ይባላል።

ማንጠግቦሽ፦ ስሙንማ ነግረኸኛል። ያምራል፤ የሙሽራ ስም ይመስላል።

ስንሻው፦ ሙሽራስ ትወጣለች። ይሄ ነው አንዴ ከገባ የማይወጣው።

ማንጠግቦሽ፦ ጀመርክ ደግሞ! ልሂድ?

ስንሻው፦ ኧረ ተይ፣ ተቀመጪ። አፌ ነው እንጂ ልቤ እንዲያ አላለም። ደግሜ ልንገርሽ፣ ስሚኝማ፤ ፊት ላይ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ይቀላል፣ ይለበልባል፣ ብጉር መሳይ ያወጣል። ፀሐይ ያስነሳዋል፣ በርበሬ ያስነሳዋል፣ ትኩስ ሻይ እንኳ አይቀረውም። እኔ ደግሞ ሃያ ዓመት የዳቦ ምድጃ አፍ ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ።

ማንጠግቦሽ፦ አረቄስ?

ስንሻው፦ አረቄም ያስነሳዋል፤ አልዋሽሽም። ሳይጠጡም ግን ይነሳል። ጠብታ ቀምሰው የማያውቁ መነኩሲት እንደ እኔ ቀልተው ይመጣሉ ብላኛለች።

ማንጠግቦሽ፦ ታዲያ እሳቱን አትተወውም?

ስንሻው፦ ተውኩትኮ። ካለፈው ወር ጀምሮ መስኮቱ ላይ ሆኜ እሸጣለሁ። ደንበኛው አየት ያደርገኝና "ምነው በጠዋቱ?" ይለኛል። ሲለኝ አፍራለሁ፤ ሳፍር ይብስ ይቀላል፤ ሲቀላ "ይኸው!" ይላል።

ማንጠግቦሽ፦ ምን ብለህ ትመልስለታለህ?

ስንሻው፦ "ስንት ዳቦ ልስጥህ?" እለዋለሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ማንጠግቦሽ፦ እዚህ የሚሰጡህ ጨረርስ? ለውጥ አለው?

ስንሻው፦ ከሄድሽ ወዲህ የዛሬው ሦስተኛዬ ነው። ብርሃኑ በቆዳው አልፎ የደም ሥሩን ያገኘውና ያከስመዋል። ተወጥሮ የተለቀቀ ላስቲክ ፊት ላይ ሲያርፍ አታውቂም? እንደዚያ ነው፤ ጧ! ጧ! የአፍንጫዬ ዳርና ዳር ያለውን እዪው፤ ያ ክር የሚመስለው ጠፍቷል።

ማንጠግቦሽ፦ ጉንጭህ ግን ያው ነው።

ስንሻው፦ ያው ነው። እንደኛ ጠይም ቆዳ ላይ ኃይሉ ከበዛ ያቃጥላል፤ ነጭ ወይም ጥቁር ምልክት ይተዋል ብላ በትንሽ በትንሹ ነው የምትሰጠኝ። ባለፈው "ኃይሉን ጨምሪው፤ ሐሙስ ለሽምግልና አማቴ ፊት እቆማለሁ" ብዬ ለመንኳት።

ማንጠግቦሽ፦ እሺ አለች?

ስንሻው፦ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። እኔ ረስቼው ነው እንጂ ጨረሩ ሲሰጥ መጀመሪያ ያባብሰዋል። ለአራት አምስት ቀን ያብጣል፣ ይቀላል። ዛሬ ከተሰጠኝ ሐሙስ ከአሁኑም የባሰ ነው የምሆነው።

ማንጠግቦሽ፦ ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?

ስንሻው፦ አንቺ እንድትሰሚልኝ ነዋ!

ማንጠግቦሽ፦ ሁሉም ሲያልቅስ ይድናል?

ስንሻው፦ ይቀንሳል አለች። ይድናል አላለችም። ማንጠግቦሽ፣ ዘጠኝ ዓመት ነው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አረቄ በከንፈሬ አልነካሁም።

ማንጠግቦሽ፦ አውቃለሁ።

ስንሻው፦ ምኑን?

ማንጠግቦሽ፦ እንደማትጠጣ።

ስንሻው፦ ከመቼ ጀምሮ?

ማንጠግቦሽ፦ ከመጀመሪያው። ፊትህ የቀላ ሰሞን፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ፣ ገና ከበር ስትገባ ትንፋሽህን አሸት ነበር። ኪስህን ፈትሻለሁ። ዳቦ ቤት ድረስ ሄጄ የሥራ ጓደኞችህን ጠይቄያለሁ። ከዱቄት ሌላ አልሸተትከኝም።

ስንሻው፦ ታዲያ ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ? አባትሽ ናቸው?

ማንጠግቦሽ፦ አባቴማ በየቀኑ "ወደ ባልሽ ተመለሺ" ይሉኛል።

ስንሻው፦ እና ማነው?

ማንጠግቦሽ፦ ሶልያና ናት።

ስንሻው፦ ልጄ? ልጄን ምን አደረግኳት?

ማንጠግቦሽ፦ አሁንማ ምንም። ያኔ ስትጠጣ፣ እኔን ስትመታኝ።

ስንሻው፦ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። አታስታውሰውም።

ማንጠግቦሽ፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔም አታስታውስም እል ነበር። ፊትህ መቅላት ሲጀምር ክፍሏን ዘግታ በሩን ከውስጥ በወንበር መደገፍ ጀመረች። "ሶልዬ" ብለህ ስትጠራት "እያጠናሁ ነው" ትልህ የለ? እያጠናች አልነበረም።

ስንሻው፦ ምን ታደርግ ነበር?

ማንጠግቦሽ፦ ቆማ ወንበሩን ትይዛለች።

ስንሻው፦ በሽታ ነው ብለሽ አልነገርሻትም?

ማንጠግቦሽ፦ ነገርኳት እንጂ። ያልከኝን ሁሉ፣ የደም ሥሩንም ምድጃውንም። "ገብቶኛል እማዬ" አለችኝ። በማግስቱም ወንበሩን ደገፈች። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ልጥ መሆኑን ብታውቅም እግሯ አይሰማትም።

ስንሻው፦ የእኔንስ ፊት በጨረር ያክሙታል። የእሷን ፍርሃት በምን ያክሙታል?

ማንጠግቦሽ፦ አላውቅም ስንሻው። ባውቅ አባቴ ቤት ከሰባት ሰው ጋር ተፋፍጌ እኖራለሁ? ልጅቷ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሁለት ታክሲ ትይዛለች። የሚኒስትሪ ፈተናዋም ደርሷል።

ስንሻው፦ ይህን ሐሙስ ለሽማግሌዎቹ ትነግሪያቸዋለሽ?

ማንጠግቦሽ፦ ሽማግሌ አትላክ። ሽማግሌ ለተጣላ ነው። እኔና አንተ አልተጣላንም።

ስንሻው፦ ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?

ማንጠግቦሽ፦ ሳልነግርህ የቆየሁት ለዚሁ ነው። የምታደርገው ቢኖር ድሮ አልነግርህም? ተነስ፣ ስምህን እየጠሩ ነው።

ስንሻው፦ ይጥሩ። ፈተናዋ መቼ ነው ያልሽኝ?

ማንጠግቦሽ፦ ከሦስት ሳምንት በኋላ።

ስንሻው፦ እንቺ ቁልፉን። እኔ ከዚህ ስወጣ ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ። እናንተ ዛሬውኑ ቤታችሁ ግቡ።

ማንጠግቦሽ፦ ምን ማለትህ ነው? እስከ መቼ?

ስንሻው፦ እሷ ራሷ ና እስክትለኝ።