ነጠላዬ ያመጣብኝ ጣጣ

ባለፈው እሁድ ከቸርች ስንወጣ ልጄ ማርታ ጫካ ካልወሰድሽኝ ብላ ወጥራ ያዘችኝ። በስልክ እየተመሩ ሰው የደበቀውን ሣጥን መፈለግ የሚባል ጨዋታ ይዟታል። "ማሚ፣ የአደን ሲዝን ነው፤ አዳኞች እንዲያዩሽ መኪና ውስጥ ያለውን ኦሬንጅ ቬስትሽን ልበሺ" አለችኝ። ሻኮፒ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ሳምንቱን ሙሉ የምለብሰውን? በእረፍት ቀኔ? "ሞቼ ነው ቆሜ!" ብዬ በነጠላዬ ገባሁ።

ጥቂት እንደሄድን ከላይ "ሌዲ! ስቶፕ!" የሚል ድምፅ መጣ። ቀና ብል አንድ ነጭ ሽማግሌ ጠመንጃ ይዞ ዛፍ ላይ ተቀምጧል። ሁለት እጄን ሰቀልኩ። እሱ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። "የአጋዘን ጅራት እኮ ነጭ ነው!" አለኝ በእንግሊዝኛ። "ያ ጨርቅሽ ቁጥቋጦው ውስጥ ሲወዛወዝ፣ የሩቅ ማያ መነጽሬን አንስቼ ባላይ ኖሮ ተኩሼ ነበር።" በኢየሱስ ስም! ኦሬንጅ ኮፍያውን አውልቆ ወረወረልኝ፤ ነጠላዬን ቦርሳ ውስጥ ጠቅጥቄ እሱን አጠለቅሁ።

ሣጥኑን አንድ ግንድ ሥር አገኘነው። ውስጡ ያገኘ ሁሉ የሚጽፍበት ደብተር አለ። እኔም በአማርኛ "ነጠላ ለብሳችሁ እንዳትገቡ!" ብዬ ጻፍኩ።

"ማሚ፣ በእንግሊዝኛ ጻፊ እንጂ! ይሄን ማን ያነበዋል?" አለችኝ ማርታ።

"ነጠላ ለብሶ የሚመጣው!"