አቶ ክሌመንስ ሻፍና ያልገባችው ቀለበት

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ የኒደርብራይት ነዋሪዎችና ከሩቅም ከቅርብም የመጣችሁ የመኪና ነጂዎች ማኅበር አባላት፤ ዛሬ የምንሸኛቸውን የአቶ ክሌመንስ ሻፍን የሕይወት ታሪክ፣ ራሳቸው አልጋ ላይ ሳሉ ሰምተው «እንዲህ ይነበብ» ባሉት መልኩ እናሰማችኋለን።

አቶ ክሌመንስ ከአባታቸው ከድንጋይ ጠራቢው ከአቶ ማቲያስ ሻፍና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፖሎኒያ ኪርፌል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1946 በዚሁ በኒደርብራይት ተወለዱ። ከስድስት ዓመት በኋላ ብቸኛ ወንድማቸው አቶ አንሰልም ሲወለዱ እናታቸው ለረጅም ጊዜ ታመው ስለነበር፣ የሕፃኑን ገላ ያጠቡትም ያበሉትም፣ በረዶ በጣለ ጊዜ በጀርባቸው አዝለው ትምህርት ቤት ያደረሱትም አቶ ክሌመንስ ነበሩ።

በመንደሩ ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ከተማሩ በኋላ በአሥራ አራት ዓመታቸው አንድ ጎሚስታ ዘንድ ገብተው ሙያውን ቀስመው፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው እዚሁ የመኪና መወዳደሪያው ሜዳ መግቢያ ላይ የራሳቸውን የጎማ ቤት ከፈቱ። በ1971 ወይዘሮ ሮስቪታን አግብተው ወይዘሮ ኢርምትራውትን ወለዱ።

በዚህ አካባቢ አቶ ክሌመንስን ያስከበራቸው የንፋስ ነገር ነበር። ጎማ ሜዳው ላይ ሲግል በውስጡ ያለው ንፋስ እንደሚጨምር፣ ስለዚህ ጠዋት በቀዝቃዛው ጥቂት አጉድሎ መነሳት እንደሚገባ፣ በጣም የጎደለ ጎማ ጥምዝ ላይ እንደሚተኛ፣ የበዛበት ደግሞ መሬቱን መያዝ አቅቶት እንደሚንሸራተት ለሦስት ትውልድ ነጂ አስተምረዋል። ለሚኩራራ ወጣት፣ «ጌታው፣ ሞተርህ የፈለገውን ያህል ይጩህ፤ መሬት የነካው አራት መዳፍ የምታህል ላስቲክ ናት» ይሉት ነበር። እረፍት አድርጎ፣ ጎማው ከቀዘቀዘ በኋላ ሳይለካ ሊወጣ የሚቸኩለውንም፣ «ምሳህን እዚህ በላህ፣ እራትህን ሆስፒታል ልትበላ ነው?» ብለው ከመኪናው ያስወርዱት ነበር።

በሴፕቴምበር 1988፣ በማኅበሩ የቅዳሜ ቀን፣ አቶ አንሰልም ሊነዱ መጥተው ሳለ ዝናብ ጣለ። የራሳቸው የዝናብ ጎማ ስላልነበራቸው አቶ ክሌመንስ ከሌላ ዓይነት መኪና ላይ አራት ጎማ ተውሰው ገጠሙላቸው። የቡሎኖቹ ቁጥርና አቀማመጥ ልክ ነበር፤ ላስቲኩ የሚጠለቅበት የብረት ቸርኬ የመሃል ቀዳዳ ግን ጎማው ከሚታሰርበት ከመኪናው ሞዞ ይሰፋ ነበር። በዚያ ክፍተት ውስጥ ጎማውን መሃል ላይ የምታስቀምጥ ስስ ቀለበት መግባት ነበረባት። ቀለበቶቹ ያሉት ጎማ ቤቱ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር፤ ሄዶ ለማምጣት አሥር ደቂቃ ይበቃል። ሜዳው ሊከፈት ስለነበርና ማኅበርተኛው ሁሉ ተሰልፎ ስለነበር አቶ ክሌመንስ «ቡሎኑ ይይዘዋል» ብለው አጠበቁ። የአራቱንም ጎማ ንፋስ ግን ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ።

አቶ አንሰልም አንድ ዙር ነድተው ተመለሱና በመስኮት፣ «ክሌም፣ መሪው እጄ ላይ ይንቀጠቀጣል እኮ» አሉ። አቶ ክሌመንስም ሰው እየሰማ፣ «አስፋልቱ ነው። ንፋሱን የለካሁት እኔ ነኝ፤ አትንቦቅቦቅ፣ ሂድ!» ብለው የመኪናውን ጣሪያ መታ መታ አደረጉ። የቆሙት ሳቁ። አቶ አንሰልምም ስቀው ወጡ።

በሁለተኛው ዙር፣ በቁልቁለቱ የግራ ጥምዝ ላይ፣ ያለ ቀለበት ሲንቀጠቀጥ ቡሎኖቹን ያላላው የፊት የቀኝ ጎማቸው ተነቅሎ ሄደ። አቶ አንሰልም በሠላሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ሚስታቸውን ወይዘሮ ቫልቡርጋንና የዘጠኝ ዓመት ልጃቸውን ጉድሩንን ትተው እዚያው አረፉ። መርማሪዎቹ ቡሎኖቹ የተሰበሩት በግጭቱ ነው ብለው ጻፉ። መንደሩም «በዝናብ እንደ እብድ ነድቶ ሞተ፤ የልጁ ነገር እንኳ አላሳዘነውም» አለ። አቶ ክሌመንስ እውነቱን እያወቁ ዝም አሉ።

ከዚያን ቀን በኋላ ቸርኬውን ከሞዞው ጋር በእጃቸው ሳይዳስሱ ጎማ ገጥመው አያውቁም። ነጂው ሁሉ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ ተመልሶ ቡሎኑን እንዲያስጠብቅ አስገደዱ፤ ዛሬ በሜዳው ሁሉም የሚያደርገው ይህ ልማድ የመጣው ከእርሳቸው ነው። «መሪው ተንቀጠቀጠ» ባለ ነጂ ላይ ደግመው አልሳቁም። ማኅበሩ ሊሸልማቸው በጠራቸው ምሽት፣ ስማቸው ሲጠራ በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮስቪታም በ2014 ሲሞቱ የዚህን ሁሉ ምክንያት ሳያውቁ ነበር።

ባለፈው መጸው ሳንባቸው ታመመ። በፌብሩዋሪ ወይዘሮ ቫልቡርጋን አስጠርተው ሁሉንም ነግረው ይቅርታ ጠየቋቸው። ወይዘሮዋ ኮታቸውን ሳያወልቁ ሰምተው፣ «ልጄ አባቷን ስትረግም ነው ያደገችው፤ አንተ ደግሞ በየገናው ማዕዳችን ላይ ቁጭ ብለህ ትሰማት ነበር» አሉና ወጡ።

በአራተኛው ቀን ተመለሱ። «ይቅርታ የምትለውን እኔ እንጃ፤ ገና አላገኘሁትም» አሏቸው። «ግን አንሰልም ሲቀበር ሕዝቡ በሹክሹክታ ያለውን አንተ ስትቀበር ጮክ ብሎ ይሰማ። እኔ ከፊት እቀመጣለሁ።» አቶ ክሌመንስ ተስማሙ። ወይዘሮ ኢርምትራውት «አባዬ፣ ስምህን አፈር አታልብሰው» ብለው ቢለምኑም፣ «ስሙ አፈር የለበሰው የወንድሜ ነው፤ አንድ መስመር እንዳትዘሉ» አሉ።

ስለዚህ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ይነገር፦ አቶ አንሰልም ሻፍ በዚያ ቀን አልፈጠኑም። መሪው እንደተንቀጠቀጠ ተናግረዋል፤ ቆመዋልም። መልሰው የላኳቸው ታላቅ ወንድማቸው ናቸው።

አቶ ክሌመንስ ሻፍ በማርች 2022፣ በሰባ አምስት ዓመታቸው አረፉ። በሐዘን የተዋቸው፣ ከሁሉ አስቀድመው እንዲጠሩ ባዘዙት መሠረት፣ የወንድማቸው ሚስት ወይዘሮ ቫልቡርጋና የወንድማቸው ልጅ ወይዘሮ ጉድሩን፣ ቀጥሎም ልጃቸው ወይዘሮ ኢርምትራውትና የልጅ ልጆቻቸው ዩለና ሊዮንሃርድ ናቸው።

አምላክ የአቶ አንሰልምን ነፍስ በክብር፣ የወንድማቸውን የአቶ ክሌመንስን ነፍስ በምሕረት ያሳርፍ። አሜን።