ከርችት የተረፈች ታንኳ

«አካም ቡልተኒ፣ አቶ ዓምደሚካኤል? ደህና አደሩ? ልጆቹ፣ ከብቱ፣ ንግዱ፣ ሁሉ ሰላም? ኖር፣ ይቀመጡ። ያኛው በርጩማ እግሩ ይወላገዳል፤ ይሄኛው ይሻልዎታል። ዝናቡ ዘንድሮ ደግ ነበር፤ ኑጉ አብቦ ሜዳው ሁሉ ቢጫ ሆኗል፣ መንገድ ላይ አይተውት ይሆናል። ወንዙም እስካሁን አልጎደለም። የወይዘሮ የሺወርቅስ ወገብ እንዴት ሆነ? ተሻላቸው? እሰይ። ሲሬ ሰላም ከሆነ እኛም ሰላም ነን።»

አዴ ድርቤ ይህን ሁሉ ስትጠይቅ መልስ አልጠበቀችም። ዓምደሚካኤል የሲሬ እህል ነጋዴ፣ የሟች ባሏም ወዳጅ ነበሩ፤ ለምን እንደመጡ ያወቀችው ገና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ነው። ብቻቸውን አልመጡማ። አብረዋቸው የመጡት ባለካፖርት ሰው ወደ ግቢው አልገቡም፤ ከአጥሩ ውጭ ዋርካው ሥር ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጀርባቸውን ይስጡ እንጂ ጆሯቸው ግቢው ውስጥ ነበር። ድርቤ በዚያን ቀን ስማቸውን አንድ ጊዜ እንኳ ስላልጠራች እኛም አንጠራውም።

ጉዳዩ አጭር ነው። ከአራት ቀን በኋላ ጥቅምት ሃያ ሦስት፣ የዘውድ በዓል ይውላል። ማታውን በአንገር ወንዝ ላይ ርችት ይተኮሳል፤ ለመተኮሻም የድርቤ ታንኳ ተፈልጋለች። በመሻገሪያው ላይ የቀረችው ታንኳ እሷ ብቻ ናት። ድርቤ ከዚህች ታንኳ ሌላ መተዳደሪያ የላትም፤ ከማዶ የሚመጣው ገበያተኛም ሌላ መሻገሪያ የለውም። ስለዚህ ሰግታ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ሳቋም ይተናነቃት ነበር። ድምፅዋን አጥሩን የሚሻገር ያህል ከፍ አድርጋ ቀጠለች።

«ርችት ነው ያሉኝ? እሰይ። ርችት ማን ይጠላል? አምና እርስዎ ነቀምቴ ነበሩ፣ ቀረብዎት… ያላየ ሰው በምን ቋንቋ ይነገረዋል።

«እኛ የወንዝ ሰዎች እንደሚያውቁን ያልሠለጠንን ነን። እሳት ሲመጣ የምናውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። በበጋ ዳር ዳሩን ሣር ሲያቃጥሉ ፍንጣሪው ወደ ወንዙ ይበራል አይደል? ያኔ ታንኳውን ድንጋይ እንሞላና እናሰጥመዋለን። ውኃ ውስጥ የተኛ ታንኳ አይቃጠል፣ አይሰነጠቅ። እሳቱ ሲያልፍ ድንጋዩን እናወጣለን፣ ታንኳውም ተነሥቶ ይንሳፈፋል። አለቀ። አባቶቻችን ከዚህ ሌላ አላስተማሩንም… ምን ያድርጉ፣ ፊደል አልቆጠሩ።

«አምና ግን እግዜር አስቦን የተማረ ሰው ላከልን። ካፖርቱን አይተውታል? ያንን ካፖርት የለበሰ ሰው ይሳሳታል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ‹ከተማ ውስጥ ቢተኮስ የሣር ቤት ይያያዛል፣ ውኃ ላይ ይተኮስ› ሲሉ ሁላችንም አጨበጨብን። እውነት ብልህነት ነበር፤ ሐቁን አልክድም። እዚያ ላይ ቢያቆሙት ኖሮ… ግን ብልህ ሰው መች ባንድ ብልሃት ይቆማል?

«ስድስት ታንኳ ነበረን። ከባለታንኳዎቹ አንዱ ነመራ ሄዶ ‹ጌታዬ፣ እንደ ልማዳችን እናስጥማቸው፣ ለመተኮሻ ባዶ አለት አለ› አላቸው። አዬ ነመራ። እሳቸው ደነገጡ። ‹በንጉሥ በዓል ታንኳ ማስጠም? ሟርት ነው!› አሉት። ልክ እኮ ናቸው። በዘውድ ቀን ታንኳ ሰጠመ ተብሎ ቢወራ ደስ ይላል? ሲቃጠል ግን… ቢያንስ ብርሃን አለው።

«ከዚያማ ‹ይብለጭልጩ› ተባለና ታንኳው ሁሉ በኑግ ዘይት ታሸ። ከውስጥም፣ ከውጭም። ሙሽራ እንኳ እንደዚያ አትታሽም። ፀሐይ እንዳይመታቸው ደግሞ በየላያቸው የደረቀ ሣር ዳስ ተጣለላቸው። ለታንኳ እንዲህ የሚራራ ሰው በዕድሜዎ አይተዋል? ወራጁ ውኃ እንዳይለያያቸውም አንዱ ካንዱ በገመድ ታሰረ፤ የርችቱ ሣጥን መሃላቸው ተቀመጠ። ዘይት፣ ሣር፣ ገመድ… ምንም አልጎደለ። እኔ ማይም ነኝና ‹የቀረው ክብሪት ነው› አልኩ፤ ለራሴ ነው ያልኩት፣ ማን ሊሰማኝ።

«የኔዋ? የኔዋማ ታመመች። ፉፋ ማልዶ ሄደና ‹የአዴ ድርቤ ታንኳ ስንጥቅ አላት፣ ለበዓል አትሆንም› አላቸው። ቀዛፊዬን ፉፋን ያውቁታል፤ ውሸት አያውቅም ነበር፣ ያን ቀን ለመደ። እሳቸውም አዘኑልኝ አሉ። ‹ምስኪን፣ ከክብሩ ቀረባት› አሉ። እኔም ከክብሩ ቀርቼ፣ ታንኳዬን ከነድንጋይዋ አስተኝቼ፣ ነጠላዬን አጣፍቼ ዳር ቆምኩ።»

ከዋርካው ሥር ሳል ተሰማ። የጉንፋን ሳል አልነበረም። ድርቤ እስኪያልቅ ጠበቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ዓምደሚካኤል እንዳዞረች፣ አንዲት ቃል ወደ ውጭ ሳትልክ፣ እንደ ልጅ ፈገግ አለች።

«የማን ሳል ነው? ብርድ መቷቸው ይሆናል፤ ዋርካ ሥር ይበርዳል። ብቻ… የት ነበርኩ? አዎ። የመጀመሪያው ወጣ። አረንጓዴ። ሰማዩ ላይ ፈነዳና እንደ ጤፍ ተበተነ፤ እልልታው ቀለጠ። ሁለተኛው ቢጫ ነው። ሦስተኛው ቀይ ነበር፤ ሦስተኛው ግን ወደ ላይ መሄድ አልወደደም። እዚያው ዳሱ ሥር ቀረ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? እኛን እሳት እያሳሳቀ ወሰደን። ሕዝቡ ዳሱ ሲቀጣጠል ‹ይሄኛው ትልቁ ነው› ብሎ እልልታውን ጨመረበት። እኔም አይፍረዱብኝ፣ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እልል ብያለሁ። አምስት ታንኳ በገመድ ተያይዞ ሲነድ እንዴት እንደሚያምር… ያለ ገመዱ እኮ አንዱ ብቻ ነድዶ ይቀር ነበር። አያምርም ነበር።

«ሰው አልተጎዳም፣ ዋቃ ይመስገን። ቀዛፊዎቹ ዋና ያውቃሉ፣ ዘለሉ። ከሣጥኑ አጠገብ የነበሩት እሳቸውም ዘለሉ፤ ከነካፖርታቸው። ድፍረታቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ‹ሰጠምኩ፣ ሰጠምኩ› እያሉ እንኳ ባርኔጣቸውን አለቀቁም። ፉፋ ደግሞ እየሮጠ ድንጋዩን አውጥቶ፣ የኔዋን አንሥቶ፣ እየቀዘፈ ደረሰላቸው። ሲደርስ… ውኃው ጉልበታቸው ድረስ ነበር። ለአንድ ሰው ከዚህ የበለጠ ጥልቀት ምን ይሠራለታል? ፉፋ ግን ጨዋ ነው፤ ‹ጌታዬ፣ ይቁሙ› ብሎ አላሳፈራቸውም። ታንኳ ላይ አሳፍሮ በክብር አወጣቸው።

«በነጋታው ወረቀት ተጻፈ። ‹በእኔ ብርቱ ጥንቃቄ አንዲት ታንኳ ከቃጠሎ ተርፋለች።› ውሸት አለበት? የለበትም። ጥንቃቄውን ያደረጉት ለአምስቱ ነው፣ የተረፈችው ያልደረሱባት ናት፤ ይሄ ግን ዝርዝር ነው፣ ወረቀት ላይ ምን ይሠራል? ሹመትም መጣ። ‹የበዓል ታንኳዎች ጥበቃ ኃላፊ።› ሹመት የሚገባው ሰው ዘንድ ሲሄድ እንዴት ደስ ይላል። አምስት ታንኳ ያስፈጀ… ኧረ አፌ፣ አንድ ታንኳ ያተረፈ ሰው ካልተሾመ ማን ይሾም? ያሳሰበኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እንዲህ ያለ ትልቅ ጠባቂ ተሹሞ፣ የሚጠበቀው ታንኳ አንድ መቅረቱ። ነመራ ‹ጥበቃው በርትቶባቸው ነው ያለቁት› ይላል። ነመራ ምን ያውቃል… ዛሬ የሰው ማሳ ያርማል።»

የነመራን ስም ስትጠራ ሳቋ ጠፋ። ነመራ ታንኳውን ከአንድ የዋንዛ ግንድ ሦስት ክረምት ሙሉ ቦርቡሮ ነበር የሠራው፤ በማግሥቱ ከሰሉን በእጁ ሲዳስስ አይታዋለች። ተናደደች፤ በጣም ተናደደች። ይህ አንድ አፍታ ቆየና፣ ዓምደሚካኤል ከኪሳቸው የታጠፈ ደብዳቤ ሲያወጡ አለፈ። ደብዳቤው እንደሚመጣ ከሦስት ቀን በፊት ሰምታለች፤ የገበያ ሰው አፍ ከፖስታ ይቀድማል።

«ደብዳቤም አለ? እንግዲያው ያንብቡልኝ፤ ቀስ ብለው፣ ጮክ ብለው… ‹በበዓሉ ዕለት ማናቸውም ታንኳ ከእሳት አደጋ ፈጽሞ በተጠበቀ ስፍራ እንዲገኝ ባለቤቱ ያደርጋል። ይህ ሳይሆን ቀርቶ ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ብቻ ነው።› እንዲህ ነው የሚለው? ባለቤቱ ‹ብቻ›? ማኅተሙስ አለ? ፊርማቸውስ? ምን ያለ ጽሑፍ ነው፣ አቶ ዓምደሚካኤል… ታንኳዋን እሳቸው ይወስዱና ርችት ይተኩሱባታል፤ ከነደደች ያነደድኳት እኔ ነኝ። ይህን ያህል የሚያስብልኝ ሰው ባሌም አልነበረም። አንድ ተረት ነበር እኮ፤ ‹ምንትስና ወረቀት የያዘውን አይለቅም›። ያ ፊተኛው ማን ነበር? እርስዎ ያውቁታል? እኔስ ጠፋኝ። ወረቀቱን ብቻ አስታውሳለሁ።

«መቼም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው፣ እኔም አልጥስም። እንዲያውም ቀድሜ ፈጽሜዋለሁ። ትናንት ፉፋ ታንኳዬን ድንጋይ ሞልቶ ወንዙ ሥር አስተኛት። ከእሳት ፈጽሞ የተጠበቀ ስፍራ ከዚያ ሌላ የሚያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ያሳየኝ። ገበያተኞቹን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ‹አዴ፣ ከዘላለም አምስት ቀን ይሻላል› ብለው ተመለሱ። የት ቦታ እንደተኛች? እሱን የሚያውቀው ፉፋ ነው፤ ፉፋ ደግሞ ወደ ቢላ ከተማ አክስቱን ሊጠይቅ ሄዷል፣ በበዓሉ ማግሥት ነው የሚመለሰው። ኃላፊው ላያት ካሉ ወንዙ አጥር የለውም፣ ገብተው ይዳብሱ። ዘንድሮ ግን… ከጉልበት በላይ ነው።

«ርችቱ ይቅር አላልኩም። ወንዙ መሃል ያ ጥቁር አለት አለ፤ ሣር የለው፣ ዘይት የለው፣ ማንም ሊቀባው አይችልም። ቀዛፊዎቹ ርችቱን ከውኃ በላይ ይዘው፣ በዋና ወስደው ይተክሉላቸዋል፣ ነመራም ያግዛል፣ ቂም የለውም። እዚያ ላይ ይተኮስ፣ ሕዝቡም ከዳር ይይ። እኔም መጥቼ እልል እላለሁ፤ ዘንድሮ ደግሞ ያለ ሐሳብ። ይህንን ለእሳቸው የእርስዎ ምክር ነው ብለው ይንገሩልኝ። የኔ ነው ካሉማ ይቀየማሉ… የሴት ምክር ደግሞ ማኅተም የለውም።»

ዓምደሚካኤል ደብዳቤውን አጥፈው ያዙ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ፊታቸውን ግን ወደ መሬት አድርገው ነበርና ድርቤ አላያቸውም ለማለት እንችላለን። ታንኳዋ ድናለች፤ በራሳቸው ወረቀት፣ በራሳቸው ማኅተም ድናለች። ድርቤ ደስታው እስከ ጥፍሯ ተሰማት፣ ለመዝለልም ቃጣት። ሰው ፊት ስለሆነ አልዘለለችም። ብድግ ብላ፣ በአገሩ ወግ እንግዳ ሲሸኝ እንደሚደረገው፣ ሁለት መዳፏን ዘረጋች። በዚያ አገር ምርቃት የሰማ ሁሉ አሜን ይላል፤ የወደደውም፣ ያልወደደውም።

«እንግዲህ ሳልመርቅ አልሸኝዎትም፣ አቶ ዓምደሚካኤል። አሜን እያሉ ይቀበሉኝ፤ ጮክ ብለው ነው ታዲያ፣ ውጭ ያለ እንግዳም ምርቃቱ እንዳያመልጠው። ለእርስዎ ዋቃ የመጡበትን መንገድ ያቅናልዎ። ለእኚያ ለደግ ሰው ደግሞ ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። ሹመታቸውን ያጽናላቸው፣ ከፍ ከፍ ያድርጋቸው። በዚህ ዓለም የሚሳሱለትን ሁሉ፣ ቤታቸውን፣ ከብታቸውን፣ ልጆቻቸውን… ቀን ከሌት ዓይኑን የማይነቅል፣ ልክ እንደ እሳቸው ያለ ጠባቂ ይዘዝላቸው።»