የሐጅ ዚያብ ስልክ

ባለቤቴ ወድሐ በሞተች በዓመቱ ሐጅ ዚያብን ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አገኘኋቸው። በዮርዳኖስ፣ ከከረክ ከተማ በታች ባለው መንደራችን የተጣላ የሚያስታርቁ እሳቸው ናቸው። ወድሐን መኪና ገጭቶ በገደለብኝ ጊዜም የሾፌሩን ወገን አስከትለው ቤቴ መጡ። እንደ ወጉ፣ የቀረበላቸውን ቡና ሳይቀምሱ መሬት አስቀምጠው «ካልማርከው አንጠጣም» አሉኝ። «ጠጡ» አልኳቸው።

ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ስልካቸው ጮኸ። የወንድማቸው ልጅ መትዓብ ነው፤ ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል።

«አጎቴ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ራዳር ያዘኝ! እባክዎ ለትራፊኩ አለቃ ይደውሉልኝ!»

«እሺ፣ ቆይ» ብለው ዘጉት።

«ሐጅ፣ ባይደውሉስ?» አልኳቸው።

«ምን ነካህ አቡ ሙፍሊህ? ዘመድ ለምኖኝ እምቢ ልበል? ነገ ‹የዚያብ ጢም ተላጨ፣ ክብሩ ወደቀ› ይሉኛል።»

«በስንት ሲነዳ እንደተያዘ እንኳ አልጠየቁትም።»

«ወጣት ነው፣ ትንሽ ቢፈጥንስ? ሞት እንደሆነ ከአላህ ነው።»

«ተኩላም ከአላህ ነው። ታዲያ ማታ ማታ ፍየሎችዎን ለምን በረት ይዘጉባቸዋል?»

ከኋላችን የቆመችው ሴት ሳቀች። ሐጅም «ምላስህ መቼ ወጣ!» ብለው ፈገግ አሉ። እኔ ግን አልሳቅሁም።

«ወድሐን የገጨው ልጅ ከዚያ በፊትም በፍጥነት ተይዞ ነበር። ማን ደውሎ አስለቀቀው?»

ሰልፉ ሄደ፤ እሳቸው ቆመው ቀሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እንዲህ ይመጣል ብዬ ነው?»

«ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያኔ ቢቀጣ ያመው ነበር፤ ያመመው ሰው ይጠነቀቃል። ፖሊሱስ የጻፈው ሁሉ በስልክ ከተሰረዘ ምን ብሎ ፀሐይ ላይ ይቆማል? ሐጅ፣ ሰው ሳይሞት በፊት ሳይደውሉ ቢቀሩ ኖሮ፣ ከሞተ በኋላ ለሽምግልና ባልመጡ ነበር።»

ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ደወሉለት አጎቴ?»

«አልደወልኩም፤ አልደውልምም።»

«እንዴ! ሰው ገደልኩ እንዴ?»

«ስላልገደልክ ነው። ቅጣትህን ክፈልና ቀስ ብለህ ና። ባንተ ምክንያት ደግሞ የሰው ቡና መሬት አላስቀምጥም።»

መትዓብ ሰንብቶ እስኪታረቅ ሰላምታ ነሳቸው። ወሬው ግን ከመኪና ፈጠነ፤ የሐጅ ዚያብ ስልክ ከእንግዲህ ከቅጣት አያስጥልም ተባለ። የፍጥነት ገደቡ ምልክት ድሮም እዚያው ትምህርት ቤቱ ጋ ተተክሎ ነበር፤ የሚያነበው አሁን ተገኘ። የፖሊሱ ቃል ይከበራል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት በደህና ይገባሉ፣ መትዓብንም እናቱ በየማታው መንገድ እያየች አትጠብቀውም።

ወድሐ በተገጨችበት ቀን ያንን የትምህርት ቤቱን መንገድ ስትሻገር ዳቦውን በአንድ እጇ ታቅፋ፣ ሌላውን መኪኖቹ እንዲቆሙላት ከፍ አድርጋ ነበር። ዛሬ ሴቶቹ በሁለቱም እጃቸው ዳቦ ታቅፈው ይሻገራሉ።